መንገድ ማስቆጠር

ጥቅምት 4

የኬንያው ጭነት ለእኛ ሆነ።

ጥቅምት 5

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ አመሸ። ዛሬ ይሻላል።

ጭነቱ ቦሎቄ ነው። አዳማ ይጫናል፣ በሞያሌ ይወጣል፣ ኢሲዮሎ የምትባል ከተማ ያልፍና ኪያንጉ የሚባል ቦታ መጋዘን ይራገፋል። ሉብና ራሷ ቢሮዬ መጥታ ነገረችኝ። የድርጅቱ ባለቤት ናት፤ ብታስጠራኝ እሄድ ነበር። ቆማ ነው ያወራችው።

«ጋሽ ጃለታ፣ ይኼ ከሰመረ በየወሩ እንሄዳለን። መኪናው መንገድ ላይ ከቀረ ግን ሰዎቹ ሁለተኛ አይጠሩንም።»

«ማን ይሂድ?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። ስምሪት የእርስዎ ነው።»

የእኔ ነው። ጉልበቴ ከመሪ ካወረደኝ ወዲህ ሸጎሌ ካለው ግቢያችን፣ ከቆርቆሮዋ ቢሮ ሆኜ መኪና አሰማራለሁ። የጅቡቲን መንገድ ተኝቼም አውቀዋለሁ። የቱ ዳገት በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣ፣ የቱ ሜዳ ላይ ነፋስ ተሳቢ እንደሚገፋ... ከሞያሌ ኬላ ወዲያ ግን አንድ እርምጃ ረግጬ አላውቅም። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። አሁን ልማር?

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ጸሐይ ሽሮ ሜዳ ካለው ሱቋ ገና መግባቷ ነበር፣ ነጠላዋን እንኳን አላወረደችም።

«ቦንቱን እንዳትልካት» አለች።

የልጃችንን የቦንቱን ስም እኮ አላነሳሁም።

ጥቅምት 6

ቀኑን ሙሉ ካርታ። ሉብና ትልቁን አሳትማ ሰጠችኝ፣ ጠረጴዛዬን ሸፍኖ ተረፈ።

መንገዶቹ ሁሉ ፊደል አላቸው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ። እንደ እኛ አስፋልት፣ ፒስታ፣ ኮረኮንች ብለው ቢጽፉት ምን ነበረበት? ግን ገባኝ። ደረጃ ነው። እኛስ ዘንድ ያለ ደረጃ የሚሄድ ምን ነገር አለ? ሆቴሉ በደረጃ፣ ቡናው በደረጃ፣ ተቋራጩ በደረጃ። መንጃ ፈቃድ ብቻ ነው በግልባጩ የነበረው፤ የእኔ አምስተኛ ከሦስተኛ ይበልጥ ነበር። ፊደል ግን አያምታታም። ትምህርት ቤት ኤ ያመጣ ይሸለማል፣ ዲ ያመጣ ወላጅ አምጣ ይባላል።

ከኢሲዮሎ ወዲያ እስከ ኪያንጉ ያለው ቁራጭ ዲ ነው።

በቀይ ሰረዝኩት። ዙሪያውን በኤ ወጥቶ በቢ የሚመለስ ሌላ መንገድ አገኘሁ። አንድ ቀን ይጨምራል። ይጨምር። ጭነት የጫነ ተሳቢ ዲ ላይ አልልክም።

ጥቅምት 7

ለጀቤሳ ሰጠሁት። ከግቢው ሾፌሮች ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው።

«እኔን ኬንያ?» አለ። «በግራ የሚነዳበት አገር? ጃለታ፣ እኔ በቀኙም ገና አልጨረስኩም።»

«ትለምደዋለህ።»

«በስንት ዓመቴ? ሚስቴ እንኳን አልጋ ላይ ቦታ ቀይር ስትለኝ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት።»

ሳቅን። ግን አልተቃወመም። አዲስ መስመር ክብር ነው፣ ይገባዋል።

ከሰዓት ቦንቱ መጣች። ልጄ ናት፤ እዚሁ ድርጅት ሾፌር ከሆነች ሦስት ዓመቷ። ጅቡቲ ተመላልሳ አንድ ጭረት አላመጣችም። ግቢ ውስጥ አባባ አትለኝም። እኔ አይደለሁም ያልኳት፣ ራሷ ናት የወሰነችው።

«ጋሽ ጃለታ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

«ጠይቂ።»

«ኬንያ ለምን ጀቤሳ?»

«መንገዱ ዞሮ ነው የሚሄደው። ረጅም ነው። ልምድ ይፈልጋል።»

«ለምን ይዞራል?»

«አጭሩ ዲ ነው።»

«ዲ ምን ማለት ነው?»

«መጥፎ መንገድ።»

«ማን አለዎት?»

በጣቴ ካርታውን አሳየኋት። አየችው፣ እኔን አየችኝ። «እሺ» ብላ ወጣች። በሩንም አልዘጋችው።

ጥቅምት 9

እሑድ። ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ምሳ። ጸሐይ ደስ ብሏታል፤ ስትዘምር አንድ ረድፍ ከፊቴ ሆና ድምፅዋ ይለያል። ቦንቱ ምሳዋን በልታ ጨረሰች። ከዚያ...

«አባባ፣ መጀመሪያ ጅቡቲ የላክኸኝ ቀን መንገዱን አውቀው ነበር?»

«አታውቂውም።»

«ታዲያ እንዴት ላክኸኝ?»

«አስቆጥሬሽ ነዋ።»

«እ...» አለች። በቃ። ሳህኑን አንስታ ሄደች።

ልማዳችን ነው። እኛ ግቢ ማንም አዲስ መስመር ሲሰጠው መንገዱን ሳይቆጥር ቁልፍ አይቀበልም። የሚያውቀው ሰው ከተማ በከተማ፣ ዳገት በዳገት ይነግረዋል። ከዚያ ሾፌሩ በሰው ፊት ቆሞ በቃሉ ይመልሳል። ከሳተ እንደገና። እኔንም እንደዚያ ነው ያስቆጠሩኝ። ቦንቱ ያኔ ሁለቴ ብቻ ነው የሳተችው።

ጀቤሳን ግን ማን ያስቆጥረው? እኔ ያለኝ ፊደል ነው።

ጥቅምት 10

ሞያሌ ላለው ትራንዚተራችን ደወልኩ። ሸፊ ይባላል። ወረቀታችንን ኬላው ላይ የሚጨርስልን እሱ ነው፤ በስልክ ብቻ እንተዋወቃለን።

«ሸፊ፣ ወደ ኪያንጉ የሚያስገባው አጭሩ መንገድ ጠባብ ነው?»

«ጠባብ ነው አቦ።»

«ድልድዩስ?»

«ድልድዩም ጠባብ ነው።»

አመስግኜ ዘጋሁ። ይኸው፣ አላልኩም? ለሉብና የመንገዱን ዕቅድ ሰጠኋት። በዙሪያው፣ በጀቤሳ። ተቀበለችኝ። ጸሐይ ማታ ዶሮ ልትሠራ ነው።

ለምንድን ነው ደስ ያላለኝ?

ጥቅምት 11

ዛሬ የሆነውን በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጠዋት የጸሐይን የጋቢ ጥቅል ሽሮ ሜዳ አደረስኩና ወደ ሥራ በታክሲ። ሚኒባሱ ትንሽ እንደሄደ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ሰፈር ውስጥ ታጠፈ። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ተቆጡ።

«ወዴት ነው የምትወስደን? ዋናው መንገድ እያለ!»

ሾፌሩ ዞር እንኳን አላለም። «አባቴ፣ ዋናነቱ ስሙ ላይ ነው። ወርደው ይዩት፣ ተቆፍሯል።»

ኮብልስቶኑ ላይ እንደ ውኃ ፈሰስን። በየደጃፉ የልብስ ገመድ ተዘርግቷል፣ ፍየል ቆማለች። መንገዱ ካርታ ላይ ስም ያለው አይመስለኝም። እኔ ደግሞ የሙጥኝ ብዬ የፊት ወንበሩን ይዤ... ዋናው ዋና የተባለው ሰፈርን ከሰፈር ስለሚያገናኝ ነው። ደልዳላ ስለሆነ አይደለም። ጉለሌ ተወልጄ ይህን አላውቅም?

ግቢ እንደደረስኩ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ሸፊ ጋ ደወልኩ።

«ያ ዲ የተባለው መንገድ አስፋልት ነው ፒስታ?»

«አስፋልት ነው አቦ። አዲስ። ሕፃን አስተኝተህ ብትነዳ አይነቃም።»

«ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠባብ ነው ወይ አልከኝ። ጠባብ ነው አልኩህ። የጠየቅከኝን ነው የመለስኩልህ።»

«ፊደሉስ ታዲያ?»

«ፊደሉ ምንን ከምን እንደሚያገናኝ ነው የሚነግርህ። ኤ አገርን ከአገር ነው። እየወረድክ ስትሄድ ገጠርን ከገበያ ነው። ምን እንደለበሰማ ፊደል በምን ያውቃል?»

«ቢው... በዙሪያ የሚሄደው?»

ሳቀ። «እሱን ለጥገና ከፍተውታል። መኪና በጎን በተለዋጭ ነው የሚያልፈው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃ ነው። ተሳቢ ይዞ እዚያ የገባ ሾፌር ገናን እዚያው ነው የሚውለው።»

ተቀመጥኩ። ጀቤሳን እዚያ ልልከው ነበር። የመጀመሪያውን ጭነታችንን።

ከመዝጋቴ በፊት ሸፊ አንድ ነገር ጨመረ። «ይህንኑ ቅዳሜ አንዲት ልጅ ጠይቃኝ ነበር። ከማዶ የሚነዳ የቦረና ልጅ አገናኘኋት። በኦሮምኛ ረጅም ሰዓት አወሩ። ጎበዝ ናት። ከናንተ ናት እንዴ?»

ከእኛ ናት አልኩት።

የአፍ መፍቻ ቋንቋዬን የሚናገር ሾፌር ከኬላው ማዶ ቁጭ ብሏል። እኔ የሰው አገር ነው ብዬ ሰው መጠየቅ ትቼ ፊደል እቆጥራለሁ።

ቦንቱን ሳገኛት ተሳቢዋን እያጠበች ነበር።

«ቅዳሜ ነው ያወቅሽው?»

«ቅዳሜ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ቱቦውን ዘጋች። «ለሉብና ብነግራት ስምህ ይነሳል። ለአንተ ብነግርህ ለመሄድ ብላ ነው ትላለህ። እስከ ነገ ጠዋት ልጠብቅህ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለጀቤሳ እነግረው ነበር። አላስቀረውም ጭቃ ውስጥ።»

ግቢ ውስጥ ነበርን። አንተ እንዳለችኝ ልብ ያልኩት አሁን ስጽፈው ነው።

እና እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያየው። ያ መንገድ ዲ ባይሆን ኖሮ ቦንቱን ላለመላክ ሌላ ሰበብ አጣ ነበር? አላጣም ነበር።

ጥቅምት 12

በጠዋት ሉብና ጋ ገባሁ። «ዕቅዱ ስህተት ነው» አልኳት።

«ካርታው ተሳስቷል?»

«ካርታው ልክ ነው። ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

ፊደሉ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳልሆነ ነገርኳት። ሸፊ ያለውንም። ብዕሯን ስታሽከረክር ቆየች። «እሺ... ታዲያ ማን ይሂድ?»

«መንገዱን የሚቆጥር ይሂድ።»

ግቢ ወጣን። ሾፌሮቹ ተሰበሰቡ። ጀቤሳ ቀድሞ ቆመ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እንደ ተማሪ። «ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ሐገረ ማርያም፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ። ኢሲዮሎ። ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል።» ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወደ ቦንቱ ዞሮ «ነይ አንቺ፣ እኔ ያለጥናት ነው የመጣሁት» አላት።

ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ማስቆጠር እንኳን አይባልም፣ መልሱን አላውቀውም።

«ኬላው ሲታለፍ የመጀመሪያው ነገር?»

«መስመር መቀየር። ግራ።»

«ቀጥዪ።»

«ቱርቢ። ሜዳ ነው፣ ነፋስ ከጎን ይመጣል፣ ፍጥነት ይቀነሳል። ማርሳቢት። ዳገት፣ ጠዋት ጉም አለ። ሎጎሎጎ። ላይሳሚስ። መሪሌ። አርቸርስ ፖስት፣ ድልድይ። ኢሲዮሎ፣ ሚዛን። ከሚዛኑ በኋላ የኤው ሰሌዳ ይጠራኛል፣ አልሄድም። ነዳጅ ማደያ፣ ቀጥሎ ባለ አረንጓዴ በር ቤተ ክርስቲያን፣ ዲው ከዚያ ይነሳል። አስፋልት ነው፣ ግን ጠባብ፣ ትከሻ የለውም። ከባድ መኪና ከፊት ከመጣ ቀድሜ የምቆመው እኔ ነኝ። ሁለት ድልድይ። ሁለተኛው አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ከወዲያ የሚመጣው ቅድሚያ አለው። ከዚያ ኪያንጉ።»

አንዴም አልሳተችም። መሳቷን ማወቅ የሚችልም አልነበረም፤ ግን ሾፌር ሾፌርን ያውቃል። ማንም አልሳቀም። ጀቤሳ «ይኼማ ተሄዶበት ነው» አለ።

ሉብና እኔን አየችኝ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ለልጄ። በሃያ ስምንት ዓመት የመሪ ሥራ እንደዚህ ኮርቼ አላውቅም።

ማታ ጸሐይ።

«ማን ላካት?»

«እኔ።»

«እንግዲህ ከአንተ እጅ ነው የምፈልጋት» አለችና ተኛች።

ጥቅምት 16

ሄደች።

ጸሐይ አትመጣም ብዬ ነበር። መጣች። ከሱቋ ቀይና ቢጫ የጥለት ቁራጭ ይዛ፣ መኪናው ላይ በጭንቅ ወጥታ የግራውን መስታወት ክንድ ላይ አሰረችው።

«ኬላውን ካለፍሽ በኋላ ይኼ ሁልጊዜ ከጠርዙ በኩል ይሁን። ወደ መሃል ከመጣ ጠፍተሻል ማለት ነው።»

ልክ ናት። በግራ ሲነዳ የግራው መስታወት ከጠርዝ ነው። መሪ ጨብጣ የማታውቅ ሴት በምን አወቀች?

ጀቤሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሌሊቱን አስባው ነው የመጣችው። እናንተ ቤት ስምሪቱ ማን እንደሆነ አሁን ገባኝ።»

ጥቅምት 18

ሞያሌ ደርሳለች።

ጥቅምት 19

ኬላው ላይ ዋለች። የኮሜሳውን ቢጫ ካርድ፣ ድንበር የሚያሻግረውን የመኪና መድን፣ አይተው መለሱላት። ሸፊ «ነገ በጠዋት ትሻገራለች፣ ሐሳብ አይግባህ አቦ» አለኝ። እሺ አልኩት። ሐሳቡ ግን ገባኝ።

ጥቅምት 20

አልደወለችም። ስልኳም አይሠራም። ሲሙ የዚህ ነው፣ እዚያ ላይሠራ ይችላል። ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ... ካርታውን ዘርግቼ በጣቴ ነዳሁ። ቱርቢ። ማርሳቢት። አሁን የት ናት? ፊደሎቹን አየኋቸው። ምንም አይሉም።

ጸሐይ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 21

ምንም።

ጥቅምት 22

ጠዋት ፎቶ መጣ፣ ከማላውቀው የኬንያ ቁጥር። ጥቁር አስፋልት፣ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር፣ ግራና ቀኙ ቡና። ዳር ላይ ሰሌዳ ቆሟል፣ ዲ ይላል። በፎቶው ግራ ጥግ የጥለቱ ጫፍ ይታያል። ከጠርዙ በኩል።

ከሥሩ የጻፈችው ይኼን ብቻ ነው፦ «ደልዳላ ነው። ተራግፏል።»

ፎቶውን ለሉብና አሳየሁ። ለጀቤሳ አሳየሁ። ለጥበቃው አሳየሁ። ጥበቃው «መንገድ ነው» አለ፣ ግራ ተጋብቶ። አዎ፣ መንገድ ነው አልኩት።

ሽሮ ሜዳ ድረስ ለጸሐይ በእግሬ ሄጄ ላሳያት አልኩና ጉልበቴ አልፈቀደም፤ በታክሲ ሄድኩ። ደንበኛ ፊቷ ቆሞ ነበር። ፎቶውን አይታ ስልኩን መለሰችልኝ። ከዚያ ለደንበኛው ሳይጠይቃት ዋጋ ቀነሰችለት።

ጥቅምት 28

ተመልሳለች። ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ ትስቃለች። ኢሲዮሎ ሚዛን ላይ ወደ ኪያንጉ የሚሄድ አንድ የአገራችን ሾፌር አግኝታ ነበር፤ የኤውን ሰሌዳ ተከትሎ ወደ ቢው ሊዞር ሲል አስቁማ መለሰችው።

«ምን አልሽው?»

«ፊደሉን ተወው፣ ተከተለኝ አልኩት።»

«እሺ አለሽ?»

«መጀመሪያ አባትሽ ማን ነው አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ስምሪት ነው አልኩት።»

ኅዳር 2

ይህን የምጽፈው ሸጎሌ ጎሚስታ ቤት፣ የተገለበጠ የጎማ ቸርኬ ላይ ተቀምጬ ነው። የግቢው ፒክአፕ ጎማ ተንፍሶ ነው የመጣሁት፤ ጎሚስታው ቀዳዳውን ውኃ ውስጥ እየፈለገ ነው።

ሉብና ሁለተኛውን ጭነት ዛሬ አረጋገጠች። አሁን ሁለት መኪና ነው። ቦንቱ ከፊት፣ ጀቤሳ ከኋላ። ጠዋት ጀቤሳን ቢሮ ጠርቼ «ና ላስቆጥርህ» አልኩት።

«አንተ?» አለኝ። «አንተ ያልረገጥከውን መንገድ አታስቆጥረኝም። ልጅትን አምጣ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣው ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ግቢ መንገድ ያስቆጠርኩ እኔ ነኝ። «ልጅቱ የምታስቆጥርህ መቼ ነው?» አልኩት። «ከሰዓት» አለኝ።

አሁን ስልክ። ቦንቱ ናት። ግቢው ውስጥ ሆና ነው፣ ከኋላዋ የጀቤሳ ድምፅ ይሰማል፤ «ማርሳቢት፣ ዳገት፣ ጠዋት ጉም...» ይላል።

«ጋሽ ጃለታ፣ ጀምረናል። ሎጎሎጎን ሁለቴ ስቷል። ይመጣሉ?»

ጎሚስታው ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ቀዳዳው ገና አልተገኘም» ይለኛል። ይቆይ። ከዚህ እስከ ግቢው በእግር ቅርብ ነው።

እኔም ገና አልቆጠርኩም። ልሂድ።